የእንጨት ማለስለሻ መኪና ስንገዛ አቧራውን የሚይዘውን እንምረጥ

(በሬዲዮ ከተነገረው የተወሰደ)



ዛሬ የምናገርበት አርእስት ላይ ላዩን ሲያዩት የአናጢዎች ጉዳይ ብቻ መስሎ የሚታይ ነው። ይኸውም እንጨት ስለሚያለሰልሰው፣ በገበያ ስሙ ሳንደር ስለሚባለው የኤሌክትሪክ መኪና፣ ይልቁንም መኪናው የሚያስነሣውን አቧራ ራሱ እንዲሰበስብ ስለ ማድረግ ነው። «እኔ ብዕርና ወረቀት ይዤ የምውል የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ መላጊያና የብርጭቆ ወረቀት ምኔ ነው?» የሚል አድማጭ ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን ጥቂት ደቂቃ ቢታገሠኝ፣ ጉዳዩ ወደ እርሱም ቤት፣ ወደ እርሱም መሥሪያ ቤት የሚገባ መሆኑን ለማስረዳት ተስፋ አለኝ።

ከመካከላችን አንዳንዱ በመሥሪያ ቤቱ የግዥ ኮሚቴ አባል ነው፤ ለሙያ ማሠልጠኛ ወይም ለጥገና ክፍል የሚገዛው መሣሪያ ምን ዐይነት እንዲሆን የሚጽፈው እርሱ ነው። አንዳንዱ ሥራ ላልያዘ ወንድሙ ወይም ለእኅቱ ልጅ ከዕቁብ ገንዘቡ አውጥቶ መሣሪያ ይገዛለታል። አንዳንዱም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በግቢው ውስጥ የራሱን በርና መስኮት ማደስ ደስ ይለዋል። ይህ ሁሉ ቢቀር እንኳ፣ ዛሬ የተቀመጥንበትን ወንበርና የምንጽፍበትን ጠረጴዛ ያለሰለሰው አንድ ሰው አለ። ያ ሰው በዚያን ቀን ምን ሲተነፍስ እንደ ዋለ ማወቅ ይገባናል።

ይህን ነገር እንዳስብ ያደረገኝ አንድ አጋጣሚ ነው። ከጥቂት ጊዜ በፊት የመጻሕፍት መደርደሪያ ለማሠራት ፈልጌ፣ ከመገናኛ ወደ ኮተቤ ከሚወስደው አውራ ጎዳና ወደ ግራ ታጥፌ፣ በየካ ተራራ ግርጌ ካሉት የእንጨት ሥራ ቤቶች ወደ አንዱ ገባሁ። ቤቱ በቆርቆሮ የተሠራ ነው። በጣሪያው ላይ ምስማር ከበሳው ቀዳዳ የፀሐይ ጨረር ይገባል፤ ጨረሩ ባለፈበት መስመር ሁሉ የእንጨት ብናኝ እንደ ጭስ ሲንሳፈፍ ይታያል። አንድ ወጣት የዋንዛ በር አጋድሞ በመኪና ያለሰልስ ነበር። ቅንድቡና ሽፋሽፍቱ የጤፍ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ከመኪናው በስተኋላ የአቧራ ከረጢት የሚሰካበት ቀዳዳ ባዶውን ስለ ነበር፣ የሚወጣው ብናኝ በቀጥታ ወደ ልጁ ፊት ይነፋል።

የቤቱ ባለቤት በሙያው ከአርባ ዓመት በላይ የቆዩ ሽማግሌ ናቸው። ከመሬት የወደቀ ፍቅፋቂ አንሥቼ፣ «አባባ፣ ይህ ምን እንጨት ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ጽድ ነው ልጄ፤ እስቲ አሽትተው» አሉኝ። አሸተትሁት። «ሽታው ደኅና ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ «እጅግ ደስ ይላል» አልኋቸው። «እኔ ካጣሁት ብዙ ዓመት ሆነኝ፤ ወጥ ሲያር እንኳ የምትነግረኝ ባለቤቴ ናት» ብለው ሣቁ። እኔ ግን ለመሣቅ አልቻልሁም።

የዚያ መኪና ከረጢት ወዴት እንደ ደረሰም ጠየቅሁ። ከተገዛ በሁለተኛው ወር ተቀድዶ ተጥሏል፤ ምትክም አልተፈለገለትም። መኪናው ሲገዛ የተጠየቀው ስለ ጉልበቱና ስለ ዋጋው ብቻ ነበር። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር እንግዲህ ከዚህ ይነሣል። ማለስለሻ መኪና ስንገዛ ከጉልበቱ አስቀድመን መመልከት ያለብን አቧራውን የሚይዝበትን መንገድ ነው።

ለመሆኑ የእንጨት አቧራ ድሮም ነበር፤ ዛሬ ምን አዲስ ነገር መጣ የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ከተማችን ከእንጨት ጋራ አብራ ያደገች ናት። ዐፄ ምኒልክ ከእንጦጦ ወርደው አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ፣ በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየተቆረጠ ስላለቀ፣ በ1880ዎቹ ዓመተ ምሕረት ባሕር ዛፍ ከውጭ አገር መጥቶ ተተከለ። ከእንጦጦ እስከ የካ ያለውን ተራራ ያለበሰውም ይኸው ዛፍ ነው። ነገር ግን የዚያ ዘመን አናጢ የሚሠራው በመጥረቢያ፣ በመጋዝና በእጅ መላጊያ ነበር። የእጅ መላጊያ እንጨቱን እንደ ሪባን እየጠቀለለ ይልጠዋል፤ ልጣጩም ከእግር ሥር ይወድቃል እንጂ ወደ ሳንባ አይገባም። መጋዝም ቢሆን አብዛኛው ሰጋቱራው ከበድ ያለ ስለ ሆነ ቶሎ ይረጋል። በደቂቃ ብዙ ሺሕ ጊዜ የሚሽከረከረው ማለስለሻ ግን እንጨቱን ከዱቄት ይልቅ የላመ ያደርገዋል።

የጠጉራችን ውፍረት ከ50 እስከ 100 ማይክሮን ያህል ነው። አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር ሺሕኛ ክፍል ማለት ነው። ከ10 ማይክሮን የሚበልጠው ብናኝ በአብዛኛው በአፍንጫና በጉሮሮ ይቀራል፤ ከዚያ የሚያንሰው ወደ ሳንባ ቧንቧዎች ይወርዳል፤ ከ4 ማይክሮን የሚያንሰው ደግሞ እስከ መጨረሻው የሳንባ ክፍል ሊደርስ ይችላል። እንዲህ ያለው ደቃቅ ብናኝ ሥራው ካበቃ በኋላም በአየር ላይ ለብዙ ጊዜ ተንሳፍፎ ይቆያል። ስለዚህ መሬት ላይ የምናየው ክምር ጎጂው ክፍል አይደለም፤ ጎጂው ያላየነው ነው።

ይህ ብናኝ አፍንጫን ይደፍናል፤ ዐይንን ያቀላል፤ ቆዳን ያሳክካል፤ ሳል ያስከትላል፤ በአንዳንድ ሰው ላይም አስም ያስነሣል። የማሽተት ኀይልም ቀስ በቀስ ይደክማል። ከዚህም የከፋ አለ። በእንግሊዝ አገር ሃይ ዊከም የምትባል፣ በወንበር ሥራዋ የታወቀች ከተማ አለች። በዚያ ይሠሩ የነበሩ ኤስሚ ሃድፊልድ የተባሉ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም፣ በሌላ ሰው ላይ እጅግ ጥቂት የሚገኝ የአፍንጫ ካንሰር በቤት ዕቃ ሠሪዎች ላይ በብዛት እንደሚታይ አስተዋሉ። እርሳቸውና የሥራ ጓደኞቻቸው ያደረጉት ጥናት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1968 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ። ከዚያም ሌሎች ጥናቶች ተጨመሩና በዓለም የጤና ድርጅት ሥር ያለው ዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ድርጅት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1995 ዓ.ም. የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር ማስከተላቸው ከተረጋገጠው ነገሮች ተራ አስገባው። በሽታው የሚገለጸው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው፤ የሚይዘውም ጥቂቱን ሰው ነው። ይህን የምናገረው ለማስፈራራት ሳይሆን፣ የዛሬ የሃያ ዓመት ልጅ የተነፈሰው አቧራ ስድሳ ዓመት ሲሞላው ሊጠይቀው እንደሚችል ለማስታወስ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከ2023 ጀምሮ በራሳቸው አቆጣጠር፣ በሥራ ቦታ አየር ውስጥ የሚፈቀደውን የጠንካራ እንጨት ብናኝ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ2 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ወስነዋል። ሁለት ሚሊግራም ማለት የጥቂት የጤፍ ፍሬዎች ክብደት ነው። ቁመቱም ወርዱም ከፍታውም አንድ አንድ ሜትር በሆነ ሣጥን ውስጥ ጥቂት የጤፍ ፍሬ ተፈጭቶ ቢበተን ልኩ ሞላ ማለት ነው። እኔ በየካ ግርጌ ያየሁት የፀሐይ ጨረር ምን ያህል እንደ ተሸከመ እናንተው ገምቱ።

አሁን ወደ መኪናው እንምጣ። ማለስለሻ መኪናዎች ብዙ ዐይነት ናቸው። እንደ ቀበቶ የሚዞር አለ፤ ይህ ብዙ እንጨት ይበላል፣ በፍጥነትም ይጎደጉዳል። በአራት ማዕዘን ገበታ የሚንቀጠቀጥ አለ፤ ይህ ቀስተኛ ነው። ለአብዛኛው ሥራ የሚመረጠው ግን ክብ ገበታ ያለውና በሁለት ዐይነት እንቅስቃሴ የሚሠራው ነው። አሠራሩን ለመረዳት እናቶቻችን ዱቄት ሲነፉ ማሰብ ይበቃል። ወንፊቱን በእጃቸው ይዘው በትንሽ ክብ ያወዛውዙታል፤ ወንፊቱም በእጃቸው ውስጥ እያዘገመ ይዞራል። የዚህ መኪና ገበታም እንደዚሁ በትንሽ ክብ ይወዛወዛል፤ በዚያው ጊዜ በራሱ መካከል ላይ ይዞራል። ሁለቱ እንቅስቃሴዎች ስለሚቀላቀሉ የብርጭቆ ወረቀቱ አንድ ቅንጣት በሄደችበት መንገድ ደግማ አትሄድም። በዚህም ምክንያት በእንጨቱ ላይ የጭረት መስመር ጎልቶ አይታይም።

እንግዲህ መኪናውን ስንመርጥ የምንመለከታቸውን ነገሮች በየተራ ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ መጠኑ ነው። በገበያ የሚገኙት ባለ 125 እና ባለ 150 ሚሊሜትር ገበታ ናቸው። ለቤትና ለመካከለኛ የእንጨት ሥራ ቤት 125 ይበቃል፤ ሰፋፊ ጠረጴዛ ለሚሠራ 150 ይመቻል። የውዝወዛው ስፋትም ይጠየቅ። ከ2.5 እስከ 3 ሚሊሜትር ያለው ለማጠናቀቂያ ሥራ ጥሩ ነው፤ 5 ሚሊሜትር የሆነው ሻካራውን በፍጥነት ያነሣል። ለምሳሌ ያህል፣ ማስታወቂያ ለመናገር ሳይሆን ልክን ለማስታወቅ፣ የቦሽ ጂኢኤክስ 125-1 ኤኢ የተባለው 250 ዋት ሲሆን ውዝወዛው 2.5 ሚሊሜትር ነው፤ የማኪታ ቢኦ5031 የተባለው 300 ዋት ሲሆን ውዝወዛው 2.8 ሚሊሜትር ነው። ሁለቱም የአቧራ ማጠራቀሚያ አላቸው፤ ፍጥነታቸውም በአውራ ጣት ይስተካከላል። ሌላ ስም ያለው መኪና ሲቀርብላችሁ ከእነዚህ ልኮች ጋራ አስተያዩት።

ሁለተኛ፣ ኤሌክትሪኩ ነው። የአገራችን መብራት 220 ቮልት ነው። ዘመድ ከአሜሪካ የሚያመጣው መኪና ግን ብዙውን ጊዜ የ120 ቮልት ነው፤ ያለ መቀነሻ ትራንስፎርመር ቢሰካ ወዲያው ይቃጠላል። በባትሪ የሚሠራውም ቢሆን የባትሪ መሙያው በስንት ቮልት እንደሚሠራ ከጀርባው ላይ ማንበብ ያስፈልጋል። ስጦታ ሊልክ ያሰበ ወገን ካላችሁ ይህን አስቀድማችሁ ጻፉለት።

ሦስተኛ፣ ወደ ዋናው ነገር እንገባለን፤ ይኸውም የገበታው ቀዳዳ ነው። አቧራው የሚሰበሰበው በገበታው ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ተስቦ ነው። በባለ 125 ሚሊሜትር ገበታ ላይ የተለመደው ስምንት ቀዳዳ ነው። በብርጭቆ ወረቀቱ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ከገበታው ቀዳዳዎች ጋራ ልክ ለልክ መግጠም አለባቸው። ቀዳዳ የሌለው ርካሽ ወረቀት የተለጠፈበት መኪና፣ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ አፉን የታፈነ ሰው ማለት ነው። ስለዚህ መኪናውን ከመግዛታችሁ በፊት ለእርሱ የሚሆን ባለ ቀዳዳ ወረቀት በሾላም ሆነ በመርካቶ ሱቆች ሁልጊዜ የሚገኝ መሆኑን አረጋግጡ። እንደ መረብ የተሠራ ወረቀትም አለ፤ ሁለንተናው ቀዳዳ ስለ ሆነ የመግጠም ችግር የለበትም፤ ነገር ግን ያለ አቧራ መጣጭ ብዙ አይጠቅምም።

አራተኛ፣ የማጠራቀሚያውና የመውጫው ጉዳይ ነው። ከመኪናው ጋራ የሚመጣው የጨርቅ ከረጢት ትልልቁን ይይዛል እንጂ ደቃቁን በጨርቁ ውስጥ አሳልፎ ይነፋዋል። በወረቀት ማጣሪያ የሚሠራ ሣጥን ከጨርቁ ይሻላል። የሁለቱም ችግር ሲሞሉ መሳብ ማቆማቸው ነው፤ ግማሽ ያህል ሳይደርሱ መራገፍ አለባቸው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ቱቦ የሚቀበል ክብ መውጫ ያለው መኪና ነው። መውጫው በየፋብሪካው ልዩ ልዩ ስፋት አለው፤ ስለዚህ የመውጫውንና የቱቦውን ስፋት በማስመሪያ ለክታችሁ፣ የማይገጥም ከሆነ ማገናኛ ጎማውን አብራችሁ ግዙ። በአንድ ጣት ወርድ ልዩነት ምክንያት ቱቦው ሳይገጠም ጥግ ላይ ተጥሎ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው።

አምስተኛ፣ አቧራ መጣጩ፣ ማለትም ቫኪዩሙ ነው። በአውሮፓ የአቧራ መጣጭ መኪናዎች በሦስት ደረጃ ይለያሉ። ኤል የሚል ምልክት ያለው ከመቶ እጅ እስከ 1 እጅ ብናኝ ቢያሳልፍ ይፈቀድለታል፤ ኤም የሚለው ከመቶ እጅ ከ0.1 በላይ አያሳልፍም፤ ኤች የሚለው ከ0.005 በላይ አያሳልፍም። ለእንጨት ብናኝ የሚመከረው ኤም ነው። ለቤት ምንጣፍ የተሠራው ተራ ቫኪዩም ማጣሪያው በደቃቁ ብናኝ በፍጥነት ይደፈናል። እርሱ ብቻ ያለው ሰው ግን ተስፋ አይቁረጥ። በቱቦው መካከል ክዳኑ የጠበቀ የቀለም ባልዲ ያስገባና በላዩ አየሩን እንደ ዐውሎ ነፋስ የሚያሽከረክር መለያ ይግጠም፤ አብዛኛው ብናኝ በባልዲው ውስጥ ይወድቃል፤ ማጣሪያውም ብዙ ጊዜ ይቆያል።

በዚህ ላይ የእኛን አገር የሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ እንጦጦማ 3,000 ሜትር ያልፋል። አየራችን ከባሕር ጠረፍ አየር ይልቅ ከአንድ አምስተኛ እስከ አንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ስለ ሆነ፣ የቫኪዩሙ የመሳብ ኀይል በመጽሐፉ ላይ ከተጻፈው ያነሰ ይሆናል፤ ሞተሩም በሳሳ አየር ሲቀዘቅዝ ይቸገራል። ስለዚህ ልክ በልኩ ከመግዛት ትንሽ ተረፍ ያለ ጉልበት ያለውን መምረጥ፣ በሥራም ላይ እያሳረፉ መጠቀም ይገባል።

ስድስተኛ፣ ሙከራ ነው። ሻጩ «አቧራ አይወጣውም» ቢል ቃሉን ብቻ አትቀበሉ። አንድ ቁራጭ ሳንቃ ከጥቁር ጨርቅ ላይ አስቀምጡና ለሁለት ደቂቃ አለስልሱ። ከዚያም ክፍሉን አጨልማችሁ የእጅ ባትሪ መብራት በመኪናው ዙሪያ ከጎን አብሩ። ያን ጊዜ ጨረሩ ውስጥ የሚጨስ ነገር ካለ ይታያል፤ ጨርቁም ይመሰክራል። ይህ ሙከራ ምንም ወጪ የለውም፤ የግዥ ኮሚቴ ዕቃ ሲረከብም ሊፈጽመው የሚችል ነው። በዕቃ መግለጫውም ላይ «ማለስለሻ መኪና» ብሎ ከመጨረስ ይልቅ፣ የገበታው ስፋት፣ የቀዳዳው ብዛት፣ የቱቦው መግጠሚያ፣ አቧራ መጣጩና መለዋወጫ ማጣሪያው በአንድነት ቢጻፍ፣ በኋላ ከሚመጣው ጭቅጭቅ ያድናል።

«ገንዘባችን ውሱን ነው፤ ሁሉንም ለመግዛት አንችልም» የሚል ቢኖር እውነት አለው። ለእርሱ የምሰጠው ምክር ይህ ነው። በጣም ውድ መኪና ገዝቶ በጨርቅ ከረጢት ከመሥራት፣ መካከለኛ መኪና ገዝቶ የተረፈውን ገንዘብ በቱቦና በአቧራ መጣጭ ላይ ማዋል ይሻላል። ይህ ለጤና ብቻ አይደለም። አቧራው ካልተነሣ በወረቀቱና በእንጨቱ መካከል ይቀርና የእንጨቱን ገጽ እንደ ትንንሽ ጥምዝ ጅራት ይጭረዋል፤ ጭረቱም ቫርኒሽ ሲቀባ ጎልቶ ይወጣል። ወረቀቱም በአቧራ ተደፍኖ ሳያልቅ ይጣላል። አቧራው ከተነሣ ግን ወረቀቱ ብዙ ይሠራል፤ ገጹም ጥርት ይላል። አቧራን መሰብሰብ ራሱ ጥሩ አናጢነት ነው።

በአጠቃቀም ረገድ ጥቂት ነገር ልበል። መኪናውን አትጫኑት፤ የእጃችሁና የራሱ ክብደት ይበቃዋል። ሲጫኑት ገበታው መዞሩን ያቆማል፤ አቧራም ይጨምራል። የወረቀቱ ቁጥር ከ80 ወደ 120፣ ከዚያም ወደ 180 በተራ ይሂድ፤ ደረጃ መዝለል ሥራውን ያረዝማል። አቧራ መጣጩ ገበታውን ከእንጨቱ ጋራ እስኪያጣብቅ ድረስ የሚስብ ከሆነ ኀይሉን ጥቂት ቀንሱ። ከሁሉም ጋራ ደግሞ በአፍንጫና በአፍ ላይ በደንብ የሚገጥም፣ ኤፍኤፍፒ2 ወይም ኤን95 የተባለ መሸፈኛ ይደረግ። ሐኪሞች በሥራ ጊዜ የሚያደርጉት ሰማያዊ ጨርቅ ወይም ነጠላ መጠምጠም በጎን ስለሚያስገባ ደቃቁን ብናኝ አይከለክልም። ሥራ ሲያልቅም ቤቱን በደረቅ መጥረጊያ መጥረግ ወይም ልብስን በነፋስ መሣሪያ ማራገፍ የረጋውን ብናኝ እንደ ገና ማስነሣት ነው፤ በቫኪዩም ወይም በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይሻላል። በክረምት በዝናቡና በብርዱ ምክንያት በርና መስኮት ዘግተን ስንሠራ ደግሞ ጥንቃቄው እጥፍ ይሁን።

የተሰበሰበው ብናኝስ ወዴት ይሂድ? ሰጋቱራ በከተማችን ለማገዶ ይውላል፤ ከዶሮ ሥርም ይነጠፋል። ከንጹሕ እንጨት የመጣ ከሆነ መልካም ነው። ኤምዲኤፍና ቺፕውድ ከሚባሉት የፋብሪካ ጣውላዎች የሚወጣው ግን ሙጫ አለበት። በሙጫው ውስጥ ያለውን ፎርማልዲሃይድ ከላይ የጠቀስሁት የካንሰር ምርምር ድርጅት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2004 ዓ.ም. ከእንጨት ብናኝ ጋራ በአንድ ተራ መድቦታል። ስለዚህ የእርሱ ብናኝ በማድ ቤት ምድጃ አይነደድ፤ ከዶሮም ሥር አይነጠፍ። የድሮ ቀለም ያለበትን በርና መስኮት የሚያድስ ሰውም ቀለሙን በደረቁ በመኪና ባይፍቅ ይሻላል፤ በአሮጌ ቀለም ውስጥ እርሳስ የተባለው ማዕድን ሊኖር ይችላልና። እርሳስ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው ሕፃናትን ነው።

በመጨረሻም ስለ ኀላፊነት አንድ ቃል ልናገር። በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት የመጠበቅ፣ የአደጋ መከላከያም የማቅረብ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ይህ ሕግ ለትልቅ ፋብሪካ ብቻ የተጻፈ አይደለም። ሦስት ልጆች ቀጥሮ በቆርቆሮ ቤት የሚያሠራውም ሰው አሠሪ ነው። እኛ ደንበኞችም ብንሆን ዋጋ ስንከራከር የምናስቀንሰው ብር ከምን ላይ እንደሚቀነስ ልናስብ ይገባናል። ብዙውን ጊዜ ከእንጨቱ አይቀነስም፤ ከከረጢቱና ከመሸፈኛው ይቀነሳል።

መደርደሪያዬን ለመረከብ ወደዚያው ቤት በተመለስሁ ጊዜ፣ በመኪናው መውጫ ላይ ቱቦ ተሰክቶ፣ ቱቦው ወደ አንድ የቀለም ባልዲ፣ ከባልዲውም ወደ አሮጌ ቫኪዩም ሲሄድ አየሁ። አገጣጠሙ የተስተካከለ አልነበረም፤ አንዱ ማያያዣ በፕላስተር የተጠቀለለ ነው። ቢሆንም በፀሐዩ ጨረር ውስጥ የሚንሳፈፈው ነገር በጣም ቀንሶ ነበር። ሽማግሌውን አመስግኜ ምን እንዳሰቡ ስጠይቃቸው፣ «የእኔስ አፍንጫ አንዴ ሄዷል፤ እነዚህ ልጆች ግን ጽድና ዝግባን በሽታ የሚለዩ አናጢዎች እንዲሆኑ እፈልጋለሁ» አሉኝ።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ ነገ በመሥሪያ ቤታችሁ የግዥ ወረቀት ሲቀርብላችሁ፣ ወይም ለዘመዳችሁ መሣሪያ ልትገዙ ወደ ሱቅ ስትገቡ፣ «ጉልበቱ ስንት ነው?» ከማለታችሁ በፊት «አቧራውን በምን ይይዛል?» ብላችሁ እንድትጠይቁ አደራ እላለሁ።